ያለ ብሎን፤ በዋግ አገር ስለ ብረት መጋጠሚያ ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር በመጀመሪያ ሲያዩት ለታሪክ ጥናት የማይበቃ ተራ ጉዳይ ይመስላል። ይኸውም በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ፕላስቲክ ከስስ ብረት ጋራ፣ ማለት ባለ እጆቹ ላሜራ ከሚሉት ጋራ፣ ያለ ብሎን በምን አኳኋን እንደሚጋጠም ነው። ጥያቄው የተነሣብን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ሰቆጣ ላይ ካየነው ከአንድ የድስት ክዳን ነው። ነገሩን ስንከተለው ግን ከፕላስቲክ ወደ ቀንድ፣ ከቀንድ ወደ ጋሻ፣ ከጋሻም ወደ ነጋሪት ወሰደን። በመጨረሻም አገራችን ብሎን ስላልነበራት የመገጣጠም ጥበብ አልነበራትም የሚለውን፣ በኛው በተማሪዎች ዘንድ ሳይቀር የሚሰማውን አስተያየት እንድንጠራጠረው አደረገን።

ወደ ሰቆጣ የሄድነው ስለ ጥንቱ የጨው ንግድ ለመጠየቅ ነበር። ከአፋር በረሓ ተቆርጦ በትግራይ በኩል የሚወጣው አሞሌ ለብዙ ዘመን ከተራገፈባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። ባደርንበት ቤት የድስቱ ክዳን እጀታ ተነቅሎ ነበርና እመቤቲቱ ክዳኑን ወደ ቆርቆሮ ሠሪ ሲልኩ እኛም ከልጁ ጋራ አብረን ሄድን። ክዳኑ ስስ ላሜራ ነው። እጀታው ደግሞ ጥቁርና ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ ከክዳኑ ጋራ የተያያዘው በመካከሉ በገባ አንድ ትንሽ ብሎን ነበር። ብሎኑ አልተበላሸም፤ ክዳኑም አልተበላሸም። የተሰነጠቀው ብሎኑ የገባበት ፕላስቲክ ነው።

ቆርቆሮ ሠሪው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አሮጌውን እጀታ አገላብጠው አዩና ጣሉት። ከዚያም ከአንድ የተጣለ ቢጫ ጀሪካን፣ በአፉ ዙሪያ ካለው ወፍራም ክፍል ላይ፣ ጣት የሚያህል ቁራጭ በቢላዋ ቆረጡ። የቁራጩን ሁለት ጫፎች እየላጉ ቀጠን ካደረጓቸው በኋላ በክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ በሱ፤ ቀዳዶቹንም ከጫፎቹ ውፍረት ጥቂት ሰፋ አደረጓቸው። ቁራጩን በፍሙ ላይ አሙቀው እንደ ቀስት አጎበጡትና ሁለቱን ጫፎች በቀዳዶቹ አሳልፈው ከክዳኑ በታች የጥፍር ስፋት ያህል ብቅ እንዲሉ ተዉአቸው። ቀጥሎ የመጣው ነው ዋናው። የአንድ አሮጌ ሞረድ ጠፍጣፋ ጫፍ በፍም ውስጥ ካቆዩ በኋላ አወጡና ብቅ ባለው ጫፍ ላይ ቀስ አድርገው ተጫኑት። ጫፉ ቀለጠ፣ ተዘረጋ፣ እንደ እንጉዳይም ራስ አበጀ። ወዲያው በሌላ ቀዝቃዛና እርጥብ ብረት ተጭነው እስኪጠና ድረስ ያዙት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሥራው ሁሉ እኛ ሻይ ጠጥተን እስክንጨርስ ድረስ እንኳ አልፈጀም።

ብሎን ለምን እንዳላስገቡበት ብንጠይቃቸው፣ ብሎኑስ ይይዛል፤ የሚሰነጠቀው የተያዘው ነው ሲሉ አስረዱን። ይህ አባባላቸው ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ የተረዳነው በኋላ ነው።

ብረት በሙቀት እንደሚረዝም ሁሉ ፕላስቲክም ይረዝማል፤ ልዩነቱ ግን ከፍ ያለ ነው። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን የተባለው ፕላስቲክ ግን ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም የብረቱን ዐሥር እጅና ከዚያም በላይ ነው። እንግዲህ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ቁራጭና ያንኑ የሚያህል ላሜራ አጣብቀን ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢለወጥ፣ ብረቱ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲንቀሳቀስ ፕላስቲኩ ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በብሎን ጥብቅ ተደርጎ የተያዘ እንደ ሆነ መንቀሳቀሻ ስለሌለው ጭንቀቱ ሁሉ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ይከማቻል፤ የብሎኑም ጥርስ ፕላስቲኩን አስቀድሞ ስለ ቆረጠው ስንጥቁ ከዚያው ይጀምራል። ከሰቆጣ ወርዶ ወደ ተከዜ በሚያዘነብለው በዝቋላ ወረዳ፣ ጽጽቃን በመሰለ ቆላማ ስፍራ፣ በቀትር ፀሐይ ላይ የዋለ ላሜራ በእጅ የማይነካ ሲሆን ሌሊቱን ደግሞ ይቀዘቅዛል። ደጋው ላይም ቢሆን የድስት ክዳን በየቀኑ ከብርድ ወደ እንፋሎት ይሄዳል፣ ይመለሳልም። ቆርቆሮ ሠሪው ቀዳዶቹን ሰፋ ያደረጉት በግድየለሽነት ሳይሆን ለዚህ መንቀሳቀሻ ነው።

በሙጫስ ለምን አይጣበቅም የሚል ይኖራል። ፖሊኤቲሊን ሙጫ አይቀበልም። በሱቅ የሚሸጠው ኃይለኛ ማጣበቂያ እንኳ ጀሪካን ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ስለዚህ የሚቀረው መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ ቅርጽ፣ ሁለተኛው ሙቀት። እሳቸው ሁለቱንም አንድ ላይ ሠሩባቸው። የሞረዱም ሙቀት በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። ብረት ቀይ ሆኖ መታየት የሚጀምረው ከ500 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው፤ ፖሊኤቲሊን ግን በ130 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ቀይ ብረት ቢነካው ይቃጠላል እንጂ ራስ አያበጅም። ብረቱ ከፍሙ የወጣው ገና ጥቁር ሳለ ነበር። የሰቆጣ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2200 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንፋሎቱም ፕላስቲኩን ጥቂት ያለዝበው እንደ ሆነ ነው እንጂ አያቀልጠውም።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ፕላስቲክ የተባለው ነገር አዲስ ቢሆንም በሙቀት ወይም በውሃ ለዝቦ ቅርጽ የሚቀበል፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲደርቅ ግን ቅርጹን ይዞ የሚቀር ነገር ለአገራችን ባለ እጅ አዲስ አይደለም። ቀንድ እንዲህ ያለ ነው፤ እርጥብ ቆዳም እንዲህ ያለ ነው። የቀንድ ዋንጫ ሲሠራ ቀንዱ በሙቀት ለዝቦ ይቀናል፤ መቀመጫውም ለብቻው ይበጅና ቀንዱ ትኩስ ሳለ ይገባበታል፤ ቀንዱ ሲቀዘቅዝ ጨምቆ ይይዘዋል። ሙጫ የለበትም፤ ምስማርም የለበትም።

ቀንድን ከብረት ጋራ ማጋጠም ደግሞ ከዚህ ጥቂት ይከብዳል። ቢላዋን ወይም ማጭድን ስንመለከት ከስለቱ በስተኋላ ቀጥኖ በእጀታው ውስጥ የሚገባ ክፍል አለ፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ጅራት እንለዋለን። አንጥረኛው ጅራቱን በእሳት ያግልና አስቀድሞ በጠበበ ቀዳዳ በተበሳው እንጨት ወይም ቀንድ ውስጥ ይገፋዋል። የጋለው ብረት ለራሱ ልክ የሆነውን ቤት እያቃጠለ ይገባል። የጅራቱ ማዕዘን፣ እብጠትና ጉድለት ሁሉ በእጀታው ውስጥ ስለሚታተም ሲቀዘቅዝ አይዞርም፣ በቀላሉም አይወጣም። በጎራዴና በሾተል ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ ይጨመራል። ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራው መያዣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተበስቶ ጅራቱ በውስጡ ያልፋል፤ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲልም በአንዲት ክብ ጠፍጣፋ ብረት፣ አንዳንድ ጊዜም በሳንቲም ቀዳዳ አልፎ በመዶሻ ይቀጠቀጥና ራስ ያበጃል። ይህን ካየን በኋላ የሰቆጣውን ክዳን ብናስታውስ ነገሩ አንድ ነው። በጎራዴው ላይ ራስ የሚያበጀው ብረቱ ነው፤ በክዳኑ ላይ ራስ የሚያበጀው ፕላስቲኩ ነው። ልዩነቱ ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ ይለዝባል በሚለው ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን ጋሻ ነው፤ ምክንያቱም ቅርጽ በተሰጠው ነገር ላይ ስስ ብረት የሚጋጠመው በእርሱ ላይ ነው። የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ተዘፍዝፎ ከለዘበ በኋላ በቅርጽ ላይ ተወጥሮ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ሲደርቅም እንደ እንጨት ይጠነክራል። የማዕርግ ጋሻ ሲሆን በፊቱ ላይ ከፋይና የብር ወይም የነሐስ ስስ ጠፍጣፋ ጌጥ ይደረግበታል። እኛ በአንድ ሙዚየም እንዲህ ያለ ጋሻ ለመመርመር ሄደን ነበር። ጋሻው በመስታወት ውስጥ ፊቱን ወደ ተመልካች አድርጎ ስለ ተሰቀለ የምንፈልገው ነገር ሁሉ በግድግዳው በኩል ቀረ። ጌጡ የሚታየው በፊት ነው፤ መጋጠሚያው ግን በጀርባ ነው። ታሪካችንም በአብዛኛው የተጻፈው በዚሁ አኳኋን ይመስለናል፤ ጋሻውን ማን እንደ ያዘው ተጽፏል፣ ብሩ በቆዳው ላይ በምን እንደ ተያዘ ግን የጻፈ ጥቂት ነው። በኋላ በአንድ ቤት ያገኘነውን አሮጌ ጋሻ ባለቤቶቹ ፈቅደው ስንገለብጠው ከጠፍጣፋው ጀርባ የወጡት ቀጫጭን እግሮች በቆዳው ቀዳዳ አልፈው ወዲህና ወዲያ ተለምጠው አየን። እግሩ ይታጠፋል፤ ቆዳው ሲያብጥና ሲኮማተር ግን አብሮ ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም። ዛሬ ፋብሪካዎች ላሜራን ከፕላስቲክ ጋራ ለማያያዝ ከላሜራው ላይ ምላስ ቆርጠው በፕላስቲኩ ቀዳዳ ካሳለፉ በኋላ ያጥፉታል፤ ሥራው ያው ነው።

ነጋሪትም የሚጨምረው ትምህርት አለ። የነጋሪት አካል ከእንጨት ይሠራል፤ ለነገሥታትና ለታላላቅ መኳንንት ደግሞ ከመዳብ ወይም ከብር ተሠርቷል። በብረት ጎድጓዳ ላይ ቆዳን በምስማር መምታት አይቻልም፤ ብረቱ ይቀደዳል፣ ድምፁም ይበላሻል። ስለዚህ ቆዳው እርጥብ ሳለ ይለብስና በጠፍር ከታች ይጠለፋል። ጠፍሩም እርጥብ ነው። ሁለቱ ሲደርቁ ውሃቸውን አጥተው ይኮማተራሉ፤ የሰው እጅ ሊስብ ከሚችለው በላይም ራሳቸውን ይስባሉ። ባለ እጁ ጉልበቱን የሚበደረው ከፀሐይ ነው ለማለት ይቻላል። ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከብረት የተሠራ ከበሮ ይታያል፤ አካሉ ተለውጧል፣ የጠፍሩ አጠላለፍ ግን አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ስለ ዋግ ገዦች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዋግሹሞች የዘር ሐረጋቸው ከዛጉዌ ነገሥታት እንደሚወርድ ይነገራል። ከነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሐምሌ 1863 ዓ/ም በዓድዋ አጠገብ በአሰም ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ማለት ከኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋራ ተዋግተው ተሸነፉና ተማረኩ። የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቊጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ካሣ ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የተዉላቸው ጠመንጃና መድፍ ነበራቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጦርነት የሚያነሡት ስለ ዙፋኑ ነው። ለኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ይታየናል። ጠመንጃ ሲፈታ የሚገኘው ብሎን ነው፤ መቀጣጠያውን ከእንጨቱ ጋራ የያዘው ብሎን ነው። ወደ ደጋው ገጠር ብሎን በብዛት የገባው በጠመንጃ ላይ ሆኖ ይመስለናል። የጠመንጃው እንጨት በተሰበረ ጊዜ ደግሞ ባለ እጁ የጠገነው በብሎን አልነበረም። በስብራቱ ላይ እርጥብ ቆዳ ጠቅልሎ ሰፋው፤ ቆዳውም ሲደርቅ እንጨቱንና ብረቱን አንድ አድርጎ ጨመቃቸው። እንዲህ ሆነው የተጠገኑ አሮጌ ጠመንጃዎች ዛሬም በየቤቱ ይገኛሉ። የነጋሪቱ ጥበብ የውጭ አገሩን ብሎን አዳነው ማለት ነው።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ፒንሳ የተባሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጠፍር፣ ሽብልቅ፣ ምራን፣ ወገል ግን የራሳችን ናቸው። የውጭ ስም የያዘው ዕቃ ከውጭ መምጣቱ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከርሱ በፊት በቦታው ምንም አልነበረም ማለት አይደለም። ማረሻን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ብረቱ ማረሻ ከኋላው ጎድጎድ ብሎ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ይጠለቃል እንጂ አይመታም፤ በሬዎቹ በጎተቱ ቍጥር አፈሩ ራሱ ብረቱን ወደ እንጨቱ ይገፋዋል። በላስታም በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተጋጠሙበት ሕንፃ ነው። የላሊበላው ቤተ አማኑኤል ደግሞ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሲሆን ምንም የሚጋጠም ነገር ሳይኖርበት ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ የተፈራረቁበት መስሎ ተቀርጿል። መጋጠሚያው ለማያስፈልገው ሕንፃ ጌጥ እስኪሆን ድረስ የተከበረ ነበር።

ሥራው እንዲህ ሲከበር ሠራተኛው ግን አልተከበረም። አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በቡዳነት ሲታሙ፣ ከጋብቻና ከመሬት ርስት ሲገለሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ/ም ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ዐዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ነበረ ያሳያል። በሰሜኑ አገር በአንጥረኛነትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ አብዛኞቹም በ1977 ዓ/ም እና በግንቦት 1983 ዓ/ም በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሄደው ሰው ብቻ አይደለም። ጅራቱ ስንት ጊዜ እንደሚግል፣ ቆዳው ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ በእጅ እንጂ በወረቀት አልተያዘም ነበርና እጁ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮ ሄደ። እኛ ተማሪዎች ስለ ዛጉዌ ዘመን አቈጣጠር ስንከራከር በአጠገባችን ያለውን አንጥረኛ ሳንጠይቅ ብዙ ዓመት ማለፉ የሚያሳፍር ነው።

ላሜራው ወደ ሰቆጣ ከየት እንደ መጣም መታወቅ አለበት። ለጣራ የሚሆነው ቆርቆሮ በንግድ መጣ። ለትናንሽ ዕቃ የሚሆነው ስስ ብረት ግን በብዛት የመጣው በችግር ነው። በ1977 ዓ/ም ድርቅ ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር፤ በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ በነበሩት የረሀብ ዓመታት የርዳታ ዘይት በቆርቆሮ እየሆነ ይታደል ነበር። ዘይቱ ካለቀ በኋላ ቆርቆሮው ተቀዶ ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ክዳን ሆነ። ባለ እጁ ጽሕፈቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ስለሚጠቀልለው የለጋሹ አገር ስም የሚታየው ኩራዙ ሲፈርስ ብቻ ነው። ኋላም ዘይቱ በቢጫ ፕላስቲክ ጀሪካን ይመጣ ጀመርና ጀሪካኑ የውሃ መቅጃ ሆነ፤ ሲቀደድም ለቆርቆሮ ሠሪው ሁለተኛ ጥሬ ዕቃ ሆነው። ላሜራና ፕላስቲክ በዋግ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

ፕላስቲክን በጋለ ብረት የማጣበቅ ልማድ በስፋት የተለመደው ግን ከጫማ ሳይሆን አይቀርም። ኮንጎ የተባለውን የፕላስቲክ ጫማ ያልተጫማ የሰሜን ገበሬ ጥቂት ነው፤ በ1970ዎቹ ዓመታት በተራራው የነበሩት ተዋጊዎችም በዚሁ ዐይነት ጫማ ሄደዋል። ኤርትራውያን ሽዳ ሲሉት በአስመራ አደባባይ ሐውልት አቁመውለታል። የጫማው የብረት ዘለበት በብሎን አልተያዘም፤ ማሰሪያው ራሱ ዞሮ ያቅፈዋል። ማሰሪያው ሲበጠስ ቢላዋ በእሳት ይሞቅና ሁለቱ ጫፎች በስለቱ ላይ ከቀለጡ በኋላ ቢላዋው ከመካከላቸው ሲወጣ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ይህን ሥራ ለማወቅ ባለ እጅ መሆን አላስፈለገም፤ እረኛም ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ አደጋ አለው፤ እንዲህ ያለው ጫማ ከሚሠራባቸው ፕላስቲኮች አንዱ ፒቪሲ ነው፤ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ሳንባ የሚጎዳ አሲድ አለበት። ጀሪካኑ ከዚህ ይሻላል።

ውጭ አገርስ ምን ተደረገ? ቤልጅግ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ባክላይት የተባለውን ፕላስቲክ አወጣ። ባክላይት አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ እንደገና አይቀልጥም፤ በእሳት ቢገፉት ይከስላል። የድሮው ጥቁር ስልክ የተሠራው በርሱ ነበር። እንዲህ ካለው ነገር ጋራ ብረትን ለማጋጠም ፋብሪካዎች የናስ ቁራጭ አስቀድመው በቅርጽ ማውጫው ውስጥ እያስቀመጡ ፕላስቲኩ በዙሪያው እንዲጠነክር አደረጉ። ፖሊኤቲሊን እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ፣ ፖሊፕሮፒሊንም በ1950ዎቹ ዓመታት ሲገኙ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ እነዚህ ደጋግመው ስለሚቀልጡ ከፕላስቲኩ የወጣች አጭር እግር በላሜራው ቀዳዳ አልፋ በሙቀት ራስ እንድታበጅ ማድረግ ተቻለ። በመኪና በር ውስጥ፣ በራዲዮና በማጠቢያ መኪና ውስጥ ዛሬ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ሞልቷል። ሌላው ዘዴ ፕላስቲኩ እየተለጠጠ በላሜራው ጠርዝ ላይ እንደ ጥርስ እንዲነክስ ማድረግ ነው። ፋብሪካው ብሎኑን የተወበት ምክንያት በከፊል የገንዘብ ነው፤ እያንዳንዱ ብሎን ዋጋ አለው፣ የሚያጠብቀውም ሰው ጊዜ ይፈልጋል። በዋግም ጥንት ምስማርና ብሎን ያልበዙበት ምክንያት ዋጋ ነበር፤ ብረት ውድ ስለ ነበር ለስለትና ለማረሻ እንጂ ለመያዣ አይባክንም። ሁለቱ ከአንድ ስፍራ የደረሱት በተለያየ መንገድ፣ ነገር ግን በአንድ ዐይነት ቁጠባ ነው።

ከዚህ ላይ ግን ልንጠነቀቅ ይገባናል። የሰቆጣው ቆርቆሮ ሠሪ ጥበባቸውን በቀጥታ ከጎራዴ ሠሪዎች ወረሱ ለማለት አንደፍርም። አንድ ዐይነት ችግር በተለያየ ስፍራ አንድ ዐይነት መፍትሔ ሊያስገኝ ይችላል፤ የእንግሊዙ ፋብሪካም ከዋግ አልተማረም። ልንል የምንችለው ይህ ነው፤ የጋለ ብረት በለዘበ ነገር ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ እጅ በዚህ አገር ፕላስቲክ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነበረ፤ ፕላስቲኩም ሲመጣ እጁ እንግዳ አልሆነበትም። ሌላው ማስጠንቀቂያ ስለ ጥንካሬው ነው። በሙቀት ራስ ያበጀ መጋጠሚያ ወደ ጎን ሲገፉት ይበረታል፤ ቀጥ ብሎ ሲሳብ ግን ከብሎን ይልቅ ይደክማል፤ ቢጫው ጀሪካንም ለፀሐይ ብዙ ከተጋለጠ ይደርቅና ይፈረፈራል። ለባልዲ መንጠልጠያ እንዲህ ያለውን መጋጠሚያ ያሠራ ሰው ውሃውን ከመንገድ ላይ ሊደፋው ይችላል። ስለ ባልዲ የጠየቅናቸው ቆርቆሮ ሠሪ በፕላስቲክ እንደማይሠሩት፣ ሽቦ አጥፈው እንደሚያስገቡበት ነግረውናል።

ስለ መጋጠሚያዎቹ ስም በኽምጣኛ ልናሰባስብ ጀምረን ነበርና ዝርዝሩ ገና አጭር ነው፤ ወደ አካባቢው የሚሄድ ተማሪ የቢላዋውን፣ የጋሻውንና የከበሮውን ስም ብቻ ሳይሆን የጅራቱን፣ የእግሩንና የጠፍሩንም ስም ቢጠይቅ ሥራው በጣም ይቃናል። ዕቃውንም ሲያይ ይገልብጠው።

ከሰቆጣ በተነሣንበት ጧት እመቤቲቱ ድስቱን ጥደው ነበር። ክዳኑን በአዲሱ ቢጫ እጀታ ያለ ጨርቅ አነሡት፤ እጀታው በቀዳዶቹ ውስጥ ጥቂት ይወዛወዝ ነበር፤ አልወጣም።